የፍጥነት ታሪክ በስታቲስቲክስ ስሌት፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ኮምፓይለር



የዛሬው ርእሳችን ላይ ላዩን ሲታይ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ይመስላል። በአር ቋንቋ የተጻፈ የስታቲስቲክስ ስሌት ሲዘገይ፣ እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ ባለ በኮምፓይለር በሚተረጎም ቋንቋ እንዴት ይፋጠናል የሚል ነው። ነገር ግን ጥያቄው ረጅም ታሪክ አለው፤ ስለ ገዛ አገራችን የምንናገራቸው ቁጥሮች ምን ያህል ይታመናሉ ከሚለውም ጋር ይያያዛል።

መከራከሪያዬ አንድ ነው። በስሌት ታሪክ ውስጥ ፍጥነት የተገኘው የሚደጋገመውን ሥራ ከሌላው ለይቶ እርሱን በማቅለል ነው፤ ሁሉንም እንደገና በመጻፍ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህ ጥበብ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍለው ከቀሪው አንድ በመቀነስ ወንበሩን ያገኛሉ። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉ አበቅቴ፣ በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉ ደግሞ መጥቅዕ ይወጣል። የ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7516 ነው፤ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 11፣ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ይሆናል። ወንበሩ ሊይዛቸው የሚችላቸው ቁጥሮች 19 ብቻ ስለሆኑ፣ ውጤታቸውን አንድ ጊዜ በቃሉ የያዘ ደቀ መዝሙር በየዓመቱ እንደ አዲስ አይደክምም።

በአሜሪካ ደግሞ ችግሩን ያፋጠጠው የሕዝብ ቆጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1880ው ቆጠራ ተጠናቅሮ እስኪያልቅ ዓመታት ስለወሰደ፣ ለ1890ው ቆጠራ የኸርማን ሆለሪዝ የተበሱ ካርዶችና የመቁጠሪያ ማሽን ሥራ ላይ ዋሉ። በ1957 እ.ኤ.አ. በጆን ባከስ የተመራው የአይቢኤም ቡድን ፎርትራንን አወጣ። ተመራማሪው ቀመሩን ለሰው በሚቀርብ ቋንቋ ይጽፋል፤ ኮምፓይለሩ ሙሉውን አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጉመዋል። በ1976 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቹ ኤስ የተባለውን ቋንቋ ሲጀምሩ ዓላማቸው ፎርትራንን መተካት አልነበረም፤ በፎርትራን የተጻፉትን የስሌት ክፍሎች በቀላሉ መጥራት እንዲቻል ነበር። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የጀመሩት አርም ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ ውስጡ በአብዛኛው ሲና ፎርትራን ነው። እንግዲህ ቀላሉና ፈጣኑ ቋንቋ ከመነሻቸው አብረው የሚሠሩ እንጂ ተቀናቃኞች አልነበሩም።

ታዲያ መዘግየቱ ከየት ይመጣል? የአር አሠራር ንግግርን በቦታው እየሰማ ከሚያስተረጉም ሰው ጋር ይመሳሰላል። በእያንዳንዱ ዙር የቁጥሩን ዓይነት ይመረምራል፤ ተገቢውን ተግባር ይፈልጋል። ሥራው አንድ ጊዜ ከሆነ ማንም አያስተውለውም፤ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ግን ሰዓታትን ይበላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሦስቱ ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራዎች የተካሄዱት በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ በናሙና ጥናቶች ላይ ያለን ጥገኝነት ከፍ ብሏል። የግብርናው ናሙና ጥናት ውጤት የሚታተመው እስከ ዞን ደረጃ ነው። አንድ ተማሪ የሉማሜን ዙሪያ፣ ማለትም የአዋበል ወረዳን የጤፍ ምርት መገመት ቢፈልግ፣ ከወረዳው የተወሰደው ናሙና ትንሽ ስለሚሆን የአነስተኛ አካባቢ ግምት ዘዴን መጠቀም ግድ ይለዋል። የግምቱን የስሕተት መጠን ለማወቅም ብራድሊ ኤፍሮን በ1979 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቡትስትራፕ ይረዳዋል። 1,000 አባወራዎች ያሉበትን መረጃ 10,000 ጊዜ ደግሞ ማውጣት 10 ሚሊዮን ዕጣ ነው። ማሽኑ ሲዘገይ ድግግሞሹን ወደ 200 ዝቅ ማድረግ ወይም የስሕተት መጠኑን ጨርሶ መተው ይመጣል። ያን ጊዜ የሚጎዳው የቁጥሩ እውነተኛነት ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተል አለው። አንደኛ፣ ኮምፓይለር ከመንካታችን በፊት ብክነትን እናስወግድ። ውጤትን አንድ በአንድ በዝርዝር ጫፍ ላይ የሚቀጥል ፕሮግራም በየዙሩ የቀደመውን ሁሉ ይገለብጣል፤ ለ10,000 ውጤቶች ወደ 50 ሚሊዮን፣ ለ100,000 ደግሞ ወደ 5 ቢሊዮን ቅጂ ማለት ነው። ቦታውን አስቀድሞ መመደብ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሁለተኛ፣ ጊዜው የት እንደሚያልቅ በመለኪያ እንወቅ። ከ100 ደቂቃ 90ውን የሚወስደውን ክፍል 50 ጊዜ ብናፈጥነው ጠቅላላው ወደ 12 ደቂቃ ይወርዳል። ክፍሉ የሚወስደው 20 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ብንደክም ከ80 ደቂቃ በታች አንወርድም። ሦስተኛ፣ ያን ጠባብ ክፍል ብቻ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ እናዛውረው። ዲርክ ኤደልቡተልና ሮማን ፍራንሷ ያሳደጉት አርሲፒፒ የሁለቱን ቋንቋዎች ግንኙነት ቀላል አድርጎታል፤ ኮምፓይለሩም በነጻ ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አር ከዝርዝር ውጭ ያለ ቦታ ሲጠየቅ ባዶ መሆኑን ይናገራል፤ ሲ ፕላስ ፕላስ ግን በዝምታ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። አር ቆጠራን ከ1፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ከ0 መጀመራቸውም የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ዘገምተኛ ፕሮግራም አትጣሉት። በትንሽ መረጃና በተመሳሳይ የዕጣ መነሻ ቁጥር ሁለቱን አስኬዱና ውጤታቸውን አስተያዩ፤ ምስክሩ እርሱ ነው።

ባለን ኮምፒውተርና በሚቆራረጠው መብራት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ስሌት ከመብራት መጥፋት በፊት የሚያልቅ ቢሆን የተመራማሪው ድፍረት ይጨምራል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅ የነበረው ደጋግሞ ይጠይቃል፤ የአዋበል ገበሬም ስለ ማሳው የሚነገረው ቁጥር ከነስሕተት መጠኑ ይቀርብለታል። ፍጥነትን የምንሻው ለዚህ ነው።