ወረርሽኝና ጠመንጃ፦ ከኅዳር 1911 እስከ ጥቅምት 2014 ዓ.ም.

በአዲስ አበባ ምዕራብ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ሁለት ጥንታዊ የሰው ልጅ ፍርሃቶች እያንዳንዳቸው ተቋም አግኝተዋል። በሽታን ከመፍራት የተነሣ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በዘነበ ወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ተመሠረተ፤ በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ የአለርት ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬም በልዩ ልዩ አደጋ የቆሰሉትን ጭምር የሚያክም ታላቅ ሆስፒታል ነው። የሰውን ዐመፅ ከመፍራት የተነሣ ደግሞ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሰፈረ፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የወታደር ትምህርት የቀሰሙት በዚሁ ሰፈር ነበር። የሁለቱም ተቋማት መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ፍርሃትን ኅብረተሰቡ በጋራ ይሸከመው እንጂ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው አይሸከመው የሚል ነው። ወረርሽኝ ይህን ውል ክፉኛ ይፈትነዋል። ሐኪሙ ሲታመም፣ ዘበኛው ሲተኛ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ፣ ሰው በሽታውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም መፍራት ይጀምራል።

የኅዳር በሽታና የታጠቀው ከተማ

የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. ሲገባ አዲስ አበባ ገና ከጦርነት ማግሥት ነበረች። በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረዋል፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ድል ሆኗል። በመጋቢት 1910 ደግሞ የመሐል ሰፋሪ ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይሻሩ ሲል አድሞ፣ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ከሹመታቸው ወርደዋል። ከዐድዋ ዘመን ጀምሮ በገፍ የገባው ውጅግራና ምንሽር የወታደሩ መተዳደሪያ፣ የባላገሩ ክብር፣ የለቅሶና የሠርግ ማድመቂያ ሆኖ ነበር። በዚያ ከተማ ሥልጣን የሚለካው በተከተለው ጠመንጃ ብዛት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህ ሁሉ ትጥቅ ግን በዚያ ኅዳር አንዳች አልፈየደም። በሽታው ቤተ መንግሥትንም ከደሳሳ ጎጆም አልለየም፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ነበር፤ በኋላም በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ የሞተውን ሕዝብ ከ10,000 በላይ አድርገው ገምተውታል። በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሬሳ እየተደራረበ ተቀበረ። በከተማው ጠመንጃ አልታጣም፤ የታጣው መቃብር የሚቆፍር ክንድና ለተኛ ሰው ውኃ የሚያቀብል እጅ ነበር። ሕዝቡም ከዚያ መዓት የወረሰው ልማድ የነፍጥ ሳይሆን የመጥረጊያ ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን በማቃጠል «ኅዳር ሲታጠን» እያለ ያስበዋል።

ሕጉ፣ በሽታውና ሥጋቱ

ከመቶ ዓመት በኋላ ታሪኩ ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን የነበረው መሣሪያ በየአገሩ ተሠራጭቶ፣ የኮንትሮባንድ ንግድም ተጨምሮበት፣ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አጸደቀ። የአዋጁ መንፈስ ጠመንጃ ያለ ፈቃድ አይያዝ፣ ፈቃዱም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ይሁን የሚል ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ።

ክልከላው በሕክምና ዓይን ሲታይ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ዕድር፣ ማኅበርና ለቅሶ፣ ማለትም ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚተዋወቅባቸው መድረኮች፣ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዙ። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። በተከተሉት ቀናት በኦሮሚያና በዋና ከተማይቱ ሁከት ተነሣ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ፖሊስም 239 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። በአንዳንድ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ነዋሪዎች ዱላና ገጀራ ይዘው ሌሊት ዘብ ቆሙ። በኮልፌ ቀራንዮ አዋሳኝ በቡራዩ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሰዎች ተገድለው፣ ሌሎች ሸሽተው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች መጠለላቸው ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበርና፣ በምዕራቡ ዳርቻ ለሚኖር ሰው ሥጋቱ ከሩቅ የተሰማ ወሬ ብቻ አልነበረም።

ሁለቱ አደጋዎች እርስ በርሳቸው ይመጋገባሉ። ለዘብ የተሰበሰበ ወጣት ርቀቱን አይጠብቅም፤ የተፈናቀለ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ያድራል፤ በጥይት የቆሰለ ሰው ለትንፋሽ አጥተኛው የተዘጋጀውን አልጋና ኦክስጅን ይሻማል። በጥቅምት 2013 ጦርነት ተጀመረ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የከተማው አስተዳደር መሣሪያ ያላቸው ነዋሪዎች በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡና አካባቢያቸውን ለመጠበቅ እንዲደራጁ ጠየቀ። ስለዚህ ክትባት ገና በሚሰጥበት ከተማ የጠመንጃ መዝገብም ተከፈተ።

የሌላው ዓለም አብነት

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በማርች 2020 ሕዝቡ በመሣሪያ መደብሮች ደጃፍ ተሰለፈ፤ በዚያ ወር የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ከመሣሪያ ግዢና ፈቃድ ጋር የተያያዙ 3.7 ሚሊዮን ያህል የማንነት ማጣሪያዎችን መዘገበ። በዚያው ዓመት በጦር መሣሪያ የተፈጸመ የነፍስ ግድያ መጠን ከቀደመው ዓመት በ35 በመቶ ገደማ ጨመረ። የጭማሪው መንስኤ ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ መክሰስ አይገባም። በዚያ መሣሪያው ከመደብር ይገዛል፤ በዚህ ከአባት ይወረሳል ወይም በኮንትሮባንድ ይገባል። የሁለቱም መነሻ አሳብ ግን አንድ ነው፤ «ቀን ሲከፋ የሚደርስልኝ የለም» የሚል።

ለጤና ባለሙያ የሚተርፈው ቁም ነገር

ጠመንጃ በቤት ውስጥ መኖሩ ራስን የማጥፋትንና የቤተሰብ ጠብ ወደ ግድያ የመለወጡን ዕድል እንደሚያሰፋ በሕክምና ጥናት የታወቀ ነው። ሰው ለሳምንታት በቤቱ እንዲቆይ የሚታዘዝበት ወቅት ደግሞ ይህ አደጋ የሚከብድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የወረርሽኝ ዝግጅት ከአልጋና ከመድኃኒት ቆጠራ ማለፍ ይኖርበታል። ዕድሮች ሳይሰበሰቡ የሚሠሩበት ዘዴ አስቀድሞ ካልተቀየሰ፣ የአካባቢ ፖሊስ ከጤና ጣቢያ ጋር ካልተያያዘ፣ ቤት ለቤት የሚዞረውም ባለሙያ ከትኩሳቱ ጋር ፍርሃቱንና መሣሪያውን ካልጠየቀ፣ ሕዝቡ መድኅኑን ከየግድግዳው ላይ ማውረዱ አይቀርም። በ1911ም ሆነ በ2012 ሰውን ያዳነው ደጁ ድረስ የመጣለት ሌላ ሰው ነው፤ የዝግጅቱም ሁሉ ዓላማ ያ ሰው ሳይፈራ እንዲመጣ፣ ደጁም ሳይፈራ እንዲከፈትለት ማድረግ ነው።