ከነልጃቸው የመጡት የህንድ መምህራን

ጠላት ከአገራችን በወጣ ማግሥት፥ በ1933 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን እንደገና ለመክፈት በተነሣ ጊዜ በእጁ የቀረው ሀብት የተጎዳ ሕንፃና ጽኑ ምኞት እንጂ መምህር አልነበረም፤ ከጦርነቱ በፊት በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ጎልማሶች ብዙዎቹ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በተፈጸመው ፍጅትና እርሱን ተከትሎ በመጣው አደን አልቀዋልና። የትምህርቱም ቋንቋ ተለውጦ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የበላይነቱን ይዞ ኖሮ፥ ከነጻነት በኋላ ግን ሥፍራውን እንግሊዝኛ ስለ ወረሰው፥ ሰዋስውን ብቻ ሳይሆን ሂሳቡን፥ ኬሚስትሪውን፥ ጂኦግራፊውንም በዚያው ቋንቋ የሚያስተምር ሰው ያስፈልግ ጀመር።

እንግሊዛውያን መምህራን ጥቂቶች ነበሩ። ኮተቤ ላይ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከእርሱ በኋላ የተከተለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የባሕር ማዶ መምህራን ቢያገኙም፥ ደሴና ደብረ ማርቆስ፥ ጅማና ነቀምት ግን በዚያ መንገድ ሊዳረሱ አልቻሉም። የትምህርትና የሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ዓይኑን ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ህንድ አገር፥ ይልቁንም ኬረላ ተብሎ ዛሬ ወደሚጠራው የማላባር ጠረፍ የጣለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ጠረፍ የቤተ ክርስቲያንና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ቀደም ብለው ተስፋፍተው፥ ሴቶች ልጆች ከወንድሞቻቸው ጋር የመማር ዕድል አግኝተው፥ እንግሊዝኛን በሚገባ የሚያውቅ ምሩቅ በብዛት ሲገኝ፥ ለምሩቁ ሁሉ የሚበቃ ሥራ ግን አልነበረም። በአንድ በኩል የተራበ ትምህርት ቤት፥ በሌላው በኩል ሥራ ያጣ መምህር፤ በመካከላቸው ያለው ባሕር ብቻ ነበር።

ባሕሩን የተሻገሩት ግን በአብዛኛው ብቻቸውን አልነበሩም፤ እኔም ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው። ስለ ውጭ አገር መምህራን ሲነገር ደመወዙና ኮንትራቱ ይወሳል፥ የመጣው ቤተ ሰብ ግን ይረሳል። ከቀድሞ የሄደ የአጎት ልጅ ወይም የደብር ጓደኛ በጻፈው ደብዳቤ ዜናውን የሰሙ ባልና ሚስት፥ ሁለቱም መምህራን ሆነው፥ ውሉን ከመፈረማቸው በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር፤ ለሁለታችንም ሥራ አለን? በአንድ ከተማ ታኖሩናላችሁን? ለሕፃኑ ወተትና ሐኪም ይገኛልን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ከባድ ነበር፤ ከቦምባይ በመርከብ ወደ ኤደን፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ፥ 784 ኪሎ ሜትር በባቡር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት፥ ከአዲስ አበባም እንደገና በአውቶቡስ ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተማ መውረድ፥ ጥርስ በማውጣት ላይ ያለ ልጅ ለታቀፈች እናት ቀላል ጉዞ አይደለምና።

ለመንግሥት ባልና ሚስትን አንድ ላይ መቅጠር ጥበብ ነበረ። በአንድ ቤት ሁለት መምህራን ይገኛሉ፤ ብቻውን የመጣ ወጣት ናፍቆት ሲያሸንፈው ኮንትራቱ ሳያልቅ ሊሄድ ይችላል፥ ምድጃ ያነደደና ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ውሉን ደጋግሞ ያድሳል። እነርሱም በሁለት ደመወዝ በአገራቸው ላሉት ወላጆች ይልኩ ነበር፥ የእኅት ሠርግ ይደግሱ ነበር፥ የታናሽ ወንድም ትምህርት ይከፍሉ ነበር። እንግዲህ አባት ሂሳብና ፊዚክስ፥ እናት እንግሊዝኛና ባዮሎጂ ለማስተማር በማለዳ አብረው ሲወጡ ሕፃኑ በማን እጅ ይቀራል? በኢትዮጵያዊት ሞግዚት እጅ ነው። ስለዚህ ለብዙ መቶ ተማሪዎች እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ሰዎች፥ የገዛ ልጃቸው ከአገራቸው ቋንቋ ከማላያላም ቀጥሎ፥ አንዳንዱም ከማላያላም አስቀድሞ፥ አማርኛ ሲናገር ይሰሙ ነበር። ገበያ ሄዶ ዋጋ የሚከራከርላቸው፥ ጎረቤት ሲመጣ የሚያስተረጉምላቸው ይኸው ትንሽ ልጅ ነበረ።

ከኬረላ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች መሆናቸው ኑሮውን እጅግ አቀለለው። በትውፊታቸው ወንጌልን ከሐዋርያው ከራሱ እንደ ተቀበሉ የሚናገሩ እነዚህ ምእመናን፥ በእኛም ስንክሳር ቶማስ በህንድ አገር መስበኩን ሰምተው ደስ ይላቸው ነበር። ዐቢይ ጾምን፥ ጾመ ነነዌን፥ ጾመ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ከሩዝ ዱቄት ተቦክቶ የሚጋገረው አፓም እንጀራችንን ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅ እንግዳ ሥርዓት አልሆነባቸውም። እንዲህ ያለ ሰው በባዕድ አገር ሕፃኑን ይዞ ቅዳሴ ሲቆም የባይተዋርነቱ ግማሽ እንደሚቀንስለት ማንም ሊገምተው ይችላል። ይህ ዝምድና በኋላ በታላላቆቹ አበው ዘንድም ታየ፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የህንዱ ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውጌን ቀዳማዊም ተገኝተዋል።

ከመምህራኑ መካከል በስመ ጥርነታቸው የተለዩት ፖል ቬርጊስ፥ በማዕረግ ስማቸው ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ፥ በኮቺን የፖስታና የቴሌግራፍ ሥራ ላይ የነበሩ ወጣት ሲሆኑ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 በመምህርነት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው አማርኛን ተማሩ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ህንድን ከጎበኙበት ከጥቅምት 1949 ዓ.ም. በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በቤተ መንግሥት አማካሪ ሆነው አገለገሉ፤ ኋላም የዴልሂ ሜትሮፖሊታን ሆነዋል። እርሳቸው ግን ብቻቸውን የመጡ ነበሩና የብዙኃኑን ሕይወት አይወክሉም።

በ1955 ዓ.ም. መባቻ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ሲገቡ ልዩነቱ ይበልጥ ታየ። በመጀመሪያው ጓድ የመጡት 280 ገደማ ሆነው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንን የመምህር እጦት በአንድ ጊዜ አቀለሉልን፤ ደጎችና ንቁዎች ነበሩ፥ አንዳንዶቹም ባልና ሚስት ነበሩ። ነገር ግን ሕጋቸው የሚያሳድጉት ልጅ ያላቸውን አይቀበልም ነበር፥ የአገልግሎታቸውም ዘመን ሁለት ዓመት ነበረ። ሁለት ዓመት የቆየ ሰው ከተማውን ይወዳል፤ ልጁ በከተማው መንገድ ላይ መራመድ የጀመረለት ሰው ግን ከተማው የራሱ ይሆንለታል። ስለዚህ ነው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ያን ዘመን የተማረ ሰው «ህንዱ መምህራችን» ሲል ድምፁ የሚለሰልሰው።

ልጁ ባደገ ጊዜ ግን ሌላ ጭንቀት ይመጣል። በየጠቅላይ ግዛቱ የህንድ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፥ ወላጆች ልጃቸውን ከኢትዮጵያውያን ጋር ማስተማር፥ ወደ አዲስ አበባ መላክ፥ ወይም አምርረው ወደ ኬረላ ለአያቶቹ መስጠት ነበረባቸው። የሌላውን ልጅ ሲያስተምሩ የራሳቸውን በዓመት አንድ ጊዜ፥ ምናልባትም ከዚያ ባነሰ ያዩ የነበሩ እናቶች ስንት ናቸው! እዚህ ያደጉት ግን አገራችንን አልረሱም። ሐኪሙና ደራሲው አብርሃም ቬርጊስ ከኬረላ ከመጡ መምህራን ወላጆች በአዲስ አበባ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ተወልዶ፥ የሕክምና ትምህርቱን በዚያው ጀምሮ አብዮቱ አቋረጠበት፤ በዚያው አቆጣጠር በ2009 ያሳተመው ልብ ወለድ ታሪኩም በአብዛኛው የሚፈጸመው በአዲስ አበባ ነው።

አብዮቱ ከፈነዳበት ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ጊዜው ጨለመ። የሁለተኛ ደረጃ የላይኞቹ ክፍሎች ተማሪዎቻቸው ወደ ገጠር ለዘመቻ ስለ ተላኩ ተዘጉ፥ የሰላም ጓዱ በ1969 ዓ.ም. ወጣ፥ ከህንዶቹም ብዙዎቹ ወደ አገራቸው፥ ከፊሎቹም ወደ ናይጄሪያና ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ኮንትራት ፍለጋ ተበተኑ።

በእኛም ከተማ የነበሩት ህንዳውያን ባልና ሚስት መምህራን የሄዱት በዚያ ሰሞን ነበር። እቃቸው በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከተጫነ በኋላ፥ የስድስት ዓመቱ ልጃቸው ከሞግዚቱ ነጠላ ጫፍ አልላቀቅ ብሎ፥ «እማማ፥ ሆዴን ባር ባር አለኝ» አላት። አራት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እናቱ ወደ እኔ ዞረው ምን እንዳለ ጠየቁኝ። የምተረጉምበት ቃል ፈልጌ አጣሁ። እርሳቸውም የሞግዚቲቱን ፊት ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ ጥያቄአቸውን ሳይደግሙ፥ ልጁን ሳያላቅቁ፥ ከጎኗ ቆሙ።