ጓዝ ጉዝጓዝና አንዲት ካሜራ

ካሜራ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ በዋዜማው ማታ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ዕቃውን አልጋ ላይ ዘርግቶ ያያል። ሁለተኛው ሌንስ ይግባ ወይስ ይቅር? ትራይፖዱስ? ፍላሹስ? ጉዳዩ የቦርሳና የትከሻ ይመስላል። የፎቶ ጋዜጠኝነትን ታሪክ ወደ ኋላ ያገላበጠ ሰው ግን ክርክሩ የ170 ዓመት ዕድሜ እንዳለውና የሚወስነውም ነገር ሌላ እንደሆነ ይረዳል። የሚወስነው ማን ፎቶ ውስጥ እንደሚገባና ማን ውጭ እንደሚቀር ነው። የዚህ ታሪክ ትልቅ ምዕራፍ ደግሞ የተጻፈው እዚሁ አገራችን ላይ ነው።

▪️ ሠረገላ ሙሉ ጨለማ ክፍል

እንግሊዛዊው ሮጀር ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1855 የክራይሚያን ጦርነት ሊያነሳ ሲሄድ 5 ካሜራ፣ 700 የመስታወት ሰሌዳና 36 ትልልቅ ሣጥን ጭኖ ነበር። የወይን ጠጅ ነጋዴ ይጠቀምበት የነበረን ሠረገላ አስጠግኖ ተንቀሳቃሽ ጨለማ ክፍል አደረገው።

ነገሩ ቅንጦት አልነበረም። በዚያ ዘመን የመስታወት ሰሌዳው ኬሚካል ይቀባል፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅም ይታጠባል። ለዚህ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ላቦራቶሪውንም አብሮ ይጎትታል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ፌንተን ወደ 360 ገደማ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ውስጣቸው ውጊያ የለም። ተስተካክለው የቆሙ መኮንኖች፣ ድንኳኖች፣ የተደረደሩ መድፎች፣ ጸጥ ያለ ሜዳ ነው ያለው። ያሠሩት ሰዎች ፍላጎትና የዘመኑ ይሉኝታ ድርሻ እንደነበራቸው አይካድም። ነገር ግን ፈልጎ እንኳን ቢሆን፣ የሚነሳው ሰው ለበርካታ ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ መቆም በሚኖርበት ዕቃ የሚሮጥ ወታደር ማንሳት አይቻልም። ከባድ ካሜራ የሚያነሳው ቆሞ የሚጠብቀውን ነው። ቆሞ ለመነሳት ጊዜ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለሥልጣን ነው።

ከ13 ዓመት በኋላ ይኸው ዓይነት ዕቃ ወደ እኛ መጣ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲወጣ 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችን ይዞ ነበር። በዚህ ጓዝ መካከል የመሐንዲስ ጦሩ ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ እያነሱ ማባዛት ነበር። ከዚያ ውጭ የቀሩልን ፎቶዎች በአብዛኛው የጦር ሰፈር፣ የተራራ፣ የመኮንኖችና ከእስር የተፈቱ አውሮፓውያን ምስሎች ናቸው። በዚያ መንገድ ላይ እህሉን የሸጠውን፣ በቅሎውን የነዳውን፣ መቅደላ ላይ ተዋግቶ የወደቀውን ሰው ፊት ብትፈልጉ እምብዛም አታገኙትም።

▪️ አስም ያመጣት ካሜራ

ለውጡ የመጣው ከአንድ በሽተኛ መሐንዲስ ነው። ኦስካር ባርናክ በጀርመን ቬትስላር ከተማ በላይትዝ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበር። ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ ግን አስም አለበት። የሰሌዳ ካሜራና ትራይፖድ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አልቻለም።

መፍትሔው ከሲኒማ መጣ። ባለ 35 ሚሊ ሜትር የፊልም ጥቅልል ወስዶ፣ የሲኒማውን ምስል ስፋት እጥፍ አድርጎ፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ኔጋቲቭ ሠራ። ትንሽ ኔጋቲቭ፣ ትልቅ ህትመት ነው ሐሳቡ። የመጀመሪያውን ናሙና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሠርቶ ጨርሷል። ላይካ የተባለችው ካሜራ ግን ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ አትሞላም። በኮት ኪስ ትገባለች። በአንድ ጥቅልል 36 ፎቶ ታነሳለች።

የጋዜጣ ቤቶች መጀመሪያ አላመኗትም። መጫወቻ መሰለቻቸው። ጥቂት ወጣቶች ግን ገባቸው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ላይካ ካገኘ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከሞላ ጎደል በአንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሠራ። የካሜራዋን የሚያብረቀርቅ ብረት እንኳ በጥቁር ሸፍኖታል፤ ሰው ዓይን እንዳትገባ ብሎ።

▪️ ሁለት ኩንታል ተኩል ሻንጣ

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ እንምጣ። ጣሊያን ሊወረን ተዘጋጅቷል፤ መስከረም 22 መረብን ተሻግሮ ገባ። የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ።

ከመጡት አንዱ የሞርኒንግ ፖስት ዘጋቢ የነበረው የ22 ዓመቱ ቢል ዲድስ ነው። ኋላ ሚኒስትርም የዴይሊ ቴሌግራፍ ዋና አዘጋጅም ሆኗል። ጋዜጣው ለዚህ ወጣት ያሸከመው ጓዝ ሩብ ቶን፣ በእኛ አነጋገር ሁለት ኩንታል ተኩል፣ ይመዝን ነበር። ጉንዳን እንዳይገባባት ውስጧ በዚንክ የተለበጠ ሣጥን ሳይቀር አለችበት። ለበረሃ የተሰናዳው ይህ ጓዝ የደረሰው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ማታ ጋቢ የምታስደርብ ከተማ ነው። አብሮት የነበረው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስኩፕ በተሰኘው ልብ ወለዱ፣ ታጣፊ ጀልባ ሳይቀር ጭኖ ወደ ጦርነት የሚሄድ ዘጋቢ ፈጥሮ የዓለም መሳቂያ አደረገው። የዲድስ ሻንጣ ለዚያ ቀልድ መነሻ እንደሆነ ይነገራል።

በዚያው ዓመት አልፍሬድ አይዘንስታት የሚባል ፎቶ አንሺም ኢትዮጵያ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን በያዙባት ጀርመን መኖር ያልቻለ አይሁዳዊ ነው፤ ኋላ አሜሪካ ተሰድዶ የላይፍ መጽሔት የመጀመሪያዎቹ አራት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆነ። ይህ ሰው የታወቀው በትንሿ ካሜራ ነው። ከኢትዮጵያ ፎቶዎቹ አንዱ ዛሬም ድረስ ይታያል፦ የአንድ ወታደር ባዶ እግር። ጫማ የለውም። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ጭቃ ነክቶታል።

ይህን ፎቶ ከፌንተን መኮንኖች ጎን አስቀምጣችሁ እዩት። በ80 ዓመት ውስጥ ካሜራው ከድንኳኑ ፊት ተነስቶ እግር ሥር ደረሰ። የዓለም አንባቢ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የሚወረረው ሕዝብ በባዶ እግሩ እንደሚዋጋ ያየው በእንዲህ ያለ ፎቶ ነው። ለዚያ ሩብ ቶን አላስፈለገም። ዝቅ ማለትና መቅረብ አስፈለገ። ሁለት ኩንታል ተኩል የተሸከመ ሰው ዝቅ አይልም።

▪️ ቅለት ብቻውን ግን አይበቃም

እዚህ ላይ ትንሽ ካሜራን እንዲሁ ማሞገስ ስህተት ነው። በ1928ቱ ጦርነት አብዛኞቹ ዘጋቢዎች ሳምንታቸውን የፈጁት አዲስ አበባ ላይ የማለፊያ ወረቀት ሲጠብቁ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ላይካ ቢኖርም ግንባር መድረስ አልቻሉም። ከሻንጣ የሚከብድ ነገር አለ፤ እሱም ፈቃድ ነው።

የሁለቱን ትልልቅ ረሃቦች ታሪክ አስታውሱ። የወሎው ረሃብ ሲደበቅ፣ በ1965 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸው ፎቶዎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረቡ። የእንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መምህራኑ ዝነኛ ፎቶ አንሺዎች አልነበሩም። ቦታው ድረስ የሄዱና ያዩትን ለመሸሸግ እምቢ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

በ1977ቱም እንዲሁ ነው። መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ሲያደምቅ ወደ ሰሜን የሚሄድ ጋዜጠኛ አይፈለግም ነበር። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ኮረም ደርሶ ያነሳው ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ሲሰራጭ ዓለም ደነገጠ። የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራ ደግሞ ትከሻ የሚሰብር ነው፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ አልነበረም። አሚንን ለኮረም ያበቃው የዕቃው ቅለት አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ያካበተው ትውውቅና ፈቃድ ለማግኘት ያለመታከቱ ነው።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ግንቦት 27 ቀን 1983 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አሚን ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ።

▪️ ታዲያ ምን እንያዝ?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ትልልቅ ጣቢያዎች ሎሚውን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ድምፅ፣ አንዱ መብራት፣ አንዱ ካሜራ ይይዛል። እንደ እኔ ያለ በግሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ ግን ሃምሳውንም ብቻውን ነው የሚሸከመው። ስለዚህ መቀነስ አለበት።

እኔ ክፍለ ሀገር ስወርድ የምይዘው አንድ ካሜራ፣ አንድ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሦስት ባትሪ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ፣ የሌንስ መወልወያ ጨርቅና ለዝናብ የሚሆን ፌስታል ነው። አንድ ሌንስ ሲኖር ሩቁን ለማቅረብ ያለው አማራጭ በእግር መሄድ ነው። በእግር ሲኬድ ደግሞ ሰላምታ አይቀርም። ‹‹እንደምን ዋላችሁ›› ሳይሉ ከሦስት እርምጃ ላይ ሰው ማንሳት ነውር ነው። ከመቶ ሜትር በረጅም ሌንስ ማንሳት ግን ለሰላምታ አያስገድድም። የቀለለ ዕቃ ሰው ፊት ያቆማል፤ ‹‹ላንሳዎት ወይ?›› ብሎ መጠየቅን ግድ ያደርጋል።

ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ከላይካ የምትቀል ስልክ አለች። የባርናክ ሕልም ከሚገባው በላይ ተሳክቷል። ግን የቀለለ ዕቃ ለመስረቅም ይቀላል። ሳይጠይቁ ማንሳት፣ በተጎዳ ሰው ላይ ስልክ መደቀን፣ የሟች ምስል ለቤተሰቡ ሳይደርስ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ በየቀኑ የምናየው ነው። ቅርበቱ አድጓል፣ ኃላፊነቱ አብሮ አላደገም።

ለዚህ ነው ወደዚያ ባዶ እግር የምመለሰው። ፎቶው ድንቅ ነው። መግለጫው ግን ‹‹ኢትዮጵያዊ ወታደር›› ከማለት አያልፍም። ስሙ ማን ነበር? ከየት አገር መጥቶ ዘመተ? ከጦርነቱ ተመለሰ? የእግሩን ስንጥቅ ዓለም ሁሉ አየው፤ እሱን የሚያውቀው የለም።

እንግዲህ ቦርሳችሁን ስታሰናዱ ሁለተኛውን ሌንስ አውጡት። ትራይፖዱም ይቅር። በባዶው ቦታ አንዲት ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ክተቱ፤ አንዱ ቀለሙ ያልቃል። ያነሳችሁትን ሰው ስም ከነአባቱ፣ መንደሩንና ቀኑን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ከ90 ዓመት በኋላ ፎቶውን የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።