ኑዛዜ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ

ኑዛዜ አንድ ሰው ከሞቱ በኋላ ሀብቱ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስንበት ሕጋዊ ተግባር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይመራል። ተግባሩ የተናዛዡ ብቻ በመሆኑ ሙሉ ውክልና የያዘ ልጅ እንኳ በአባቱ ስም ሊናዘዝ አይችልም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ አብረው ሀብት ያፈሩ ባልና ሚስትም በአንድ ሰነድ በጋራ ቢናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ የሚባለው፣ በተናዛዡ ወይም እርሱ በሚያስጽፈው ሰው ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ ሰነድ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ ካልተገለጹ ግን ሰነዱ ዋጋ ያጣል፤ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በመጉደሏ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሊካሰሱ ይችላሉ። ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ምስክር ባያሻውም፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና በየገጹ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። የሞቱን መቃረብ የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚሰጠው የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ የሚጸና ሲሆን፣ ገንዘቡ ዛሬ ለተዝካር ወጪ እንኳ አይበቃም፤ ተናዛዡ ከ3 ወር በላይ ከቆየም ቃሉ ይወድቃል።

ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በኑዛዜው ውስጥ ምክንያቱ ሲጻፍ ነው፤ ምክንያቱ ለመንቀል በቂ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነውም ፍርድ ቤት ነው።