የተዝካር ዕዳ

ሰፈራችን ሸጎሌ ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ባላባት ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። ቤታቸውን እዚህ ስለሠሩ "ሼህ ሆጀሌ" በሰው አፍ ሲመላለስ ሸጎሌ ሆኖ ቀረ። መጽሐፍም እንደዚሁ ነው፤ በአፍ ሲመላለስ መልኩ ይለወጣል። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያላነበበ ሰው እንኳ "የሰብለና የበዛብህ ፍቅር ነው" ብሎ ይነግራችኋል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

ይህን ያሳሰበኝ አንድ የሰፈራችን የቀን ሠራተኛ ነው። ሻይ እየጠጣን "ለምን አገርህ አትገባም?" ብለው፣ "ጋሼ፣ የአባቴን ተዝካር ዕዳ ሳልጨርስ በምን ዓይኔ?" አለኝ። አባቱ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሬው ተሸጧል፤ ብድሩ ግን ገና አላለቀም።

ወዲያው ሆሪ ትዝ አለኝ። ሆሪ ማነው ትሉኝ ይሆናል። ሕንዳዊው ደራሲ ፕሬምቻንድ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው "ጎዳን" በተሰኘ ልቦለድ ውስጥ ያለ ድሃ ገበሬ ነው። ርዕሱ "የላም ስጦታ" ማለት ነው፤ ሊሞት ስላለ ሰው ለካህን ላም መስጠት ነፍሱን ይረዳል ተብሎ በሂንዱዎች ዘንድ ይታመናል። ሆሪ ዕድሜ ልኩን የሚመኘው ደጁ ላይ የምትታሰር አንዲት ላም ነው። በዱቤ ያገኛትን ላም የገዛ ወንድሙ በቅናት መርዞ ይገድላታል። ባለርስቱ፣ አራጣ አበዳሪውና ካህኑ ተራ በተራ ይግጡታል። በመጨረሻ በቀን ሥራ ላይ ፀሐይ መትቶት ሲሞት፣ ሚስቱ ዳኒያ ገመድ ሸጣ ያገኘቻትን ሃያ አና በላሚቱ ፈንታ ለካህኑ ታስረክባለች።

ፕሬምቻንድ መጽሐፉን ባወጣበት ዓመት የኛው ሐዲስ ዓለማየሁ ጣሊያንን ይዋጉ ነበር። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በዛብህን ያሰረው ወላጆቹ በልጅነቱ የተሳሉት ስለት ነው፤ ሰብለን ያሰራት የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው። ይህን ሁሉ አይቶ የሚናገረው ጉዱ ካሣ ደግሞ እብድ ይባላል። የሁለቱ መጻሕፍት ልዩነት ገበሬው ላይ ነው። ሆሪ ዕዳውን እንደ እግዜር ትእዛዝ ተሸክሞ ይሞታል። የፊታውራሪ ገበሬዎች ግን ከልማዱ በላይ መተያ ሲጠየቁ በአበጀ በለው መሪነት "እምቢ" ይላሉ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ የፊታውራሪ መሸሻ ዓይነቱ ባለርስት ከነመተያው አበቃለት። "ሰው ምን ይለኛል?" ግን አዋጅ አልወጣለትም። የሸጎሌውን ሰው ያስደገሰው ፊታውራሪ አይደለም፤ አጎቱና ጎረቤቱ ናቸው። የሚገርመው፣ በልቶ የሄደው እንግዳ ራሱ በሌላ ቀን በተራው ለመደገስ ይበደራል። አበጀ በለው ቢመጣ በማን ላይ ሊነሳ ነው?

ለተማሪዎቼ ጉዱ ካሣን ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ተዝካር ስጠራ ሄጄ ጠግቤ በልቼ፣ "ነፍስ ይማር" ብዬ ወጥቻለሁ። የማን በሬ እንደተሸጠ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።