በቅሎ፣ ላንድክሩዘር እና የላስታ ዳገት

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። አምስት ጓደኛሞች ሆነን "ለገና ላሊበላ እንሂድ" ተባባልን፤ እስከዚህ ድረስ ሁላችንም አንድ ነበርን። በምን እንሂድ የሚለው ሲነሳ ግን ፓርላማ ሆንን። አንዱ "ያለ ቪ ኤይት የማይታሰብ ነው" አለ (ቪ ኤይቱ የአጎቱ ነው፣ አጎቱም ገና አልሰሙም)። አንዷ "የእኔ ራቭ ፎር ምን አነሰው?" ብላ ተቆጣች። ሦስተኛው በቅርቡ የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና ፍቅር ስላልለቀቀው "ቤንዚን ድሮ ቀረ" እያለ ይሰብከናል። አራተኛው፣ ኪሱን የሚያውቀው፣ "ዶልፊን ሚኒባስ ተከራይተን አብረን ብንሄድስ?" አለ፤ ማንም አልሰማውም። እኔ ዝም አልኩ። መኪና የለኝማ!

ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጨዋታው ከመኪና በላይ ሆነብኝ። "ላስታን በምን ልውጣው?" የሚለው ጥያቄ እኮ ከእኛ በፊት ቄሱም፣ ነጋዴውም፣ ንጉሡም፣ ወራሪውም የጠየቁት ነው። እያንዳንዳቸው የሰጡት መልስ ደግሞ ስለ ዘመናቸው ብዙ ይናገራል። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹን የምቆጥረው በራሳችን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያዋ ክሮስኦቨር

ዛሬ ክሮስኦቨር የምንላቸው እንደ ራቭ ፎር ያሉ መኪኖች የቤት አውቶሞቢል ምቾትና የጂፕ ቁመት የተዳቀሉባቸው ናቸው። ሻጮቹ እንደ አዲስ ግኝት ያወሩልናል። የላስታ ሰው ግን ይህን ካወቀ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ በቅሎ ይላታል።

አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ። ከአባቷ ጠንካራ ሰኮና፣ ትዕግሥትና በጥቂት መኖ መክረምን ወረሰች፤ ከእናቷ ቁመትና ጉልበትን። ፈረስ በሜዳ ይቀድማታል፣ በገደል አፋፍ ላይ ግን እግሯን የምታስቀምጥበትን መርጣ የምትረግጠው እሷ ናት። "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" እያልን ስንቀልድባት ኖርን እንጂ፣ ዳገቱ ላይ ያዋጣት የአባቷ ወገን ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1512 ዓ.ም. ከመጣው መልእክተኛ ጋር አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ሲቆይ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለአውሮፓ በጽሑፍ ያደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያየውን ሲጽፍ አንባቢ እንደማያምነው ፈርቶ እውነት መሆኑን እስከ መማል ደርሷል። ከቦታ ቦታ ያጓጓዘችው በቅሎ ግን ያን ያህል ምስጋና አልደረሳትም።

ሌላውም ኑሮ በጋማ ከብት ጫንቃ ላይ ነበር። ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ገበያ የሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ ላስታና ወደ ሌላው አገር የሚበተነው በሲራራ ነጋዴ ቅፍለት፣ በአህያና በበቅሎ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳንረሳ። በቅሎ የሁሉም አልነበረችም። ሰጋር በቅሎ፣ ያማረ ኮርቻ፣ ከጎን የሚሮጥ አሽከር... ይህ የመኳንንቱ፣ የወይዛዝርቱና የታላላቅ ካህናቱ ወግ ነው። የዘመኑ ቪ ኤይት በሉት። ለገና ወደ ላሊበላ የሚተመው ብዙው ምእመን ግን በባዶ እግሩ፣ ስንቁን አዝሎ፣ ቀናትና ሳምንታት ተጉዞ ነው የሚገባው። "በምን እንሂድ" የሚለው ጥያቄ ድሮም ምርጫ ላለው ሰው የሚመጣ ጥያቄ ነበር።

ሰባት ቶን በመንኮራኩር

ከዚያ ደጋ ላይ ጎማ... ይቅርታ፣ መንኮራኩር መጣ። ይዞት የመጣው ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ አጤ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስሠሩት ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። ሰባት ቶን ማለት ሁለት ላንድክሩዘር እላይ በላይ ተጭኖ ገና የማይሞላው ክብደት ነው! ለዚህ በቅሎ አትበቃም። መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገድ ደግሞ አልነበረም።

ስለዚህ መንገዱ ተሠራ። በጋይንት፣ በደብረ ዘቢጥ፣ በዋድላ ሸንተረር ላይ አለት እየተፈለጠ፣ ገደል እየተሞላ፣ መድፉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ክንድ እየተጎተተ ተጓዘ። ንጉሡ ራሳቸው እጃቸውን ከሠራተኛው ጋር እንዳስገቡ በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ከቤተ ሖር ወደ ጅዳ ሸለቆ መውረድ፣ ወደ ደላንታ መውጣት፣ እንደገና ወደ በሽሎ መውረድ... መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ገደማ!

በዚያው ሰሞን ሌላኛው ባለ ጉዞ ከሰሜን እየመጣ ነበር። ጄኔራል ናፒየር ዙላ ላይ 13,000 ያህል ወታደርና ከ40,000 በላይ እንስሳት አራግፎ፣ በወቅቱ የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ ሳያግዱት በላስታ ደጋ፣ በሙጃ በኩል አልፎ ወደ ዋድላ ወጣ። ከባድ መድፎቹን የተሸከሙለት ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ናቸው። አስቡት እስቲ፣ የላስታ እረኛ ጠዋት ከብቱን ሲያሰማራ ዝሆን በሰልፍ ዳገት ሲወጣ ቢያይ! ስንቁንና ጥይቱን ያመላለሱት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎች ነበሩ። ዝሆን ለወሬ፣ በቅሎ ለሥራ።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ሲደርስ አጤ ቴዎድሮስ ያስጠረጉትን መንገድ አገኘና በእሱ ላይ ወደ ጅዳ ወረደ። ንጉሡ ለራሳቸው መድፍ የሠሩት መንገድ ጠላታቸውንም አሳለፈ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ እንዲህ ነው፤ ከሠራው ሰው በኋላ ማን እንደሚሄድበት አይጠይቅም።

ትሬንታ ኳትሮ ያለፈው ታች ነው

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በአጤ ምኒልክ ዘመን ነው። ላስታ ግን ሌላ ዓለም ነበረች። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የአዲስ አበባ–አሥመራን አውራ ጎዳና በጣርማ በር፣ በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦ፣ በኮረም ሲያስቀጥል መንገዱ የላስታን ተራራ በስተ ምሥራቅ ግርጌው ይዞ አለፈ። ትሬንታ ኳትሮው እያጓራ ታች ያልፋል፣ ከላይ ያለው ሰው አሁንም በቅሎውን ይጭናል።

ላሊበላ ከሌላው ዓለም ጋር ቶሎ የተገናኘችው ከመሬት ይልቅ በሰማይ ነው። በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኋላ ዳኮታ አውሮፕላኖቹን ወደ ታሪካዊ ቦታዎች ሲያሰማራ፣ ላሊበላም ሣር ሜዳ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን አገኘች። ከሜዳው እስከ ከተማው ደግሞ ላንድሮቨር ነው፣ እሱ ካልተገኘ ያችው በቅሎ። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ከአዲስ አበባ በሰዓታት ውስጥ ሲደርስ፣ የጎረቤት ወረዳ ገበሬ በእግሩ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ አብያተ ክርስቲያናቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለም ላሊበላን አወቀ፤ ላስታን ግን ምን ያህል አወቀ?

መልሱ በ1977 ዓ.ም. መጣ። በዚያ ረሃብ ከዋግና ከላስታ ተራሮች የወረደው ሕዝብ ወዴት ነበር የሚሄደው? ወደ ኮረም፣ ወደ ቆቦ፤ ማለትም ወደ ዋናው መንገድ። እህል የጫነው መኪና ወደ እነሱ መውጣት ስላልቻለ እነሱ ወደ መኪናው ወረዱ፤ በእግር፣ በባዶ ሆድ፣ ልጅ አዝለው። ከመንገድ መራቅ ማለት ያኔ ከሕይወት መራቅ ነበር። እኛ ካፌ ውስጥ "ቁመቷ አይበቃም፣ ጎማዋ አይሆንም" እያልን ስንከራከር ይህን ማስታወስ ያሳፍራል፤ ግን ማስታወስ አለብን።

በደርግ ዘመን ቻይኖች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ("የቻይና መንገድ" እያልን የምንጠራው) የሸንተረሩን አናት ይዞ ሲያልፍ ነገሩ ተቀየረ። ካርታ ላይ ብታዩት ከደብረ ታቦር እስከ ዋድላ ድረስ የአጤ ቴዎድሮስን ጉዞ የሚከተል ይመስላል። አያስገርምም፤ ተራራው የሚሰጠው ማለፊያ ያው አንድ ነው። ጋሸና ላይ የሚገነጠለው መንገድ ስልሳ ኪሎ ሜትር ከምናምን ሄዶ ላሊበላ ያደርሳል።

ላንድክሩዘርም ስሙን የተከለው በዚሁ ዘመን ነው። ቶዮታ "ሰባዎቹ" የሚባሉትን ላንድክሩዘሮች ማምረት የጀመረው በዚያው በረሃቡ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. ነው። ከላንድሮቨርና ከሶቪየቱ ዋዝ በኋላ የዕርዳታ ድርጅቱም፣ የጤና ቢሮውም፣ አስጎብኚውም ነጭ ላንድክሩዘር ላይ ወጣ። ምሥጢሩ ውበት አይደለም። ጠንካራ ሻንሲ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድ፣ ለአቀበት የሚሆን ከባድ ማርሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መለዋወጫው የሚገኝና መካኒኩ የሚያውቀው መሆኑ ነው። በቅሎን ያስመረጣት ምክንያት ላንድክሩዘርንም አስመረጠው፤ ዳገቱ ላይ አለመቅረት!

እሺ፣ እኛስ በምን እንሂድ?

ወደ ካፌያችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ ርዝመቱ ሳይሆን መውጣትና መውረዱ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ትወርዳላችሁ፣ ደሴ እንደገና 2,500፣ ከወልድያ በኋላ የድልብ ዳገት፣ ጋሸና ወደ 3,000፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ላሊበላ። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት የጉልበቱን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ አምስት ሰውና ሻንጣ የጫነች ትንሽ መኪና ድልብ ላይ ብታቃስት አትፍረዱባት።

የኤሌክትሪክ መኪና በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ሞተሩ አየር አይፈልግም፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የብዙ ወጣት ምርጫ ወደዚያ መዞሩም ግልጽ ነው። ግን የት ይሞላል? ይህን ሳይመልስ የሚነሳ ሰው ዳገቱ መሃል በቅሎ ሊለምን ነው። ራቭ ፎሯ መንገዱ ደረቅ ከሆነ፣ ጎማዋ አዲስ ከሆነ፣ ሾፌሯም ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ የሚወርድ ከሆነ ትሄዳለች። ቪ ኤይቱ ይሄዳል፤ የነዳጁን ሒሳብ አጎትየው ከሰሙ ግን እንጃ!

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለውን ያስተማረን የቅርቡ ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር፣ መንገዱ ተዘጋ። ያኔ ምንም ዓይነት መኪና፣ ስንት ሲሊንደር ቢኖረው፣ እንግዳ ይዞ መግባት አልቻለም። ከጎብኚ በሚገኝ ገቢ የሚኖረው አስጎብኚ፣ አስተናጋጅ፣ ባለ ባጃጅና በቅሎ አከራይ በር በሩን ሲያይ ከረመ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴም ተኩሱ እንደገና መጣ። ስለዚህ ከጎማና ከዘይት በፊት የሚጠየቀው "መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" የሚለው ነው። የአያቶቻችንም የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር።

ታሪኩ የነገረኝ ይህን ነው። ለላስታ የሚሆነውን የሚመርጠው ገዢው ሳይሆን ዳገቱና መንገዱ ነው። ዝሆኑም፣ መድፉም፣ ዳኮታውም የየዘመኑ ጌቶች ምርጫ ነበሩ፤ አልፈዋል። የቀረው የሚሸከም፣ የማይሰበርና ብዙ ሰው የሚጠቅም ነገር ነው። እና እኔ፣ መኪና የሌለኝ ሰው፣ ድምፄን ማንም ላልሰማው ጓደኛችን ሰጥቻለሁ። ዶልፊኑ ይሁን። አምስታችንም አብረን እንቀመጣለን፣ መንገድ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሰው በእግራቸው ከሚጓዙት እናቶች ለጥቂቱም ቦታ ይተርፈናል።

ደግሞስ ምን ያስጨንቀናል? ላሊበላ ከገባን በኋላ ከከተማዋ በላይ ያለችው አሸተን ማርያም ለመውጣት የቆየው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ በእግር፣ ወይ በበቅሎ።