አረንጓዴው ረሃብ፤ የወላይታ ተጋላጭነት ሲለካ የኖረበት ታሪክ

ስለ ተፈጥሮ አደጋ ሲነገር በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የሰሜኑ ደረቅ ምድር ነው፤ ይኸውም የተሰነጠቀ መሬት፣ የነጠፈ ምንጭ፣ አጥንቱ የወጣ ከብት። ወላይታ ከዚህ ሥዕል ጋር አይገጥምም። አገሩ በስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ትከሻ ላይ ተቀምጦ፣ በአባያ ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ባነሰ ከፍታ ይነሣና ከሶዶ ከተማ በላይ በቆመው በዳሞት ተራራ ጫፍ ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል። በምሥራቅ ብላቴ፣ በምዕራብ ኦሞ ያዋስኑታል። በመካከል ያለው ወይና ደጋ በደኅና ዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር የማያንስ ዝናብ ያገኛል፤ ጓሮው ሁሉ በእንሰት፣ በቡናና በባሕር ዛፍ የተከበበ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ እንግዳ በሚያዝያ ወር ሶዶ ቢገባ የሚያየው ልምላሜ ብቻ ነው። ሆኖም በ1976 እና በ1977፣ በ1986፣ በ1992፣ በ1995፣ በ2000 ዓ.ም. በዚሁ ልምላሜ ውስጥ ሕፃናት በምግብ እጦት ሞተዋል። የርዳታ ሠራተኞች ነገሩን «አረንጓዴ ረሃብ» ብለው ሰየሙት።

ስያሜው የተመልካቹን ግራ መጋባት ይገልጻል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። ለመሐንዲስ ግን ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። አንድ ድልድይ በወደቀ ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ምን ያህል ጭነት መጣበት? ምን ያህልስ መሸከም ይችል ነበር? የዝናብ መቅረት፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ የሰብል በሽታ እነዚህ ሁሉ ጭነት ናቸው። ተጋላጭነት የሚባለው ግን የምሰሶው ጉዳይ ነው። በወላይታ ለብዙ ዓመታት ሲለካ የኖረው ጭነቱ ሲሆን፣ ምሰሶው እየሳሳ መሄዱ የተስተዋለው ዘግይቶ ነው።

ምሰሶው እንሰት ነበር። እንሰት ለመድረስ እንደ ቦታው ከፍታና እንደ አያያዙ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ግን ወር አይመርጥም፤ ባለቤቱ በቸገረው ቀን ይቈርጠዋል፣ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ ይቈያል። አንድ ወቅት ዝናብ ቢቀር ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ ተክሉ በቀላሉ አይሞትም። ስለዚህ በጓሮ የቆመ እንሰት የቤተሰቡ ጎተራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ጎተራ ግን ያለ ከብት አይሞላም። የወላይታ ገበሬ መሬቱን በሁለት ከፍሎ ይመለከታል፤ በቤቱ ዙሪያ ያለውና በፍግ የሚዳብረው «ዳርኳ» ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ደግሞ «ሾቃ» ነው። እንሰቱ፣ ቡናውና ጎመኑ የሚበቅሉት በዳርኳ ነው። ፍጉን የሚሰጠው ከብቱ ነው፤ ከብቱም በተራው በበጋ ወራት ሣር ሲጠፋ በእንሰት ቅጠል ይደገፋል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይከተለዋል።

ይህ ሰንሰለት ክፉኛ ከተናጋባቸው ጊዜያት አንዱ 1887 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ በዘመቱበት ጊዜ ከሰው እልቂት ሌላ እጅግ ብዙ ከብት ተማርኮ ተነድቷል፤ ዘመቻውን የተከተለው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎ አሳትሟል። ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታት፣ የከብት በሽታ የአገሪቱን በሬ ፈጅቶ ስለ ነበር ለዘማቹ የወላይታ ከብት ትልቅ ሀብት ነበር። ለወላይታ ገበሬ ግን የወተትና የሥጋ ብቻ ሳይሆን የፍግም እጦት ሆነበት። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዘመቻ ስለ አገር ግንባታ ወይም ስለ ወረራ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ በአፈሩ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመመዘን የሞከረው ጥቂት ነው።

ከብቱ በጊዜ ብዛት ተመልሶ ረባ፤ መሬቱ ግን አይረባም። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከባለርስት ጭሰኝነት ነጻ ቢያወጣውም፣ በእጁ የገባው መሬት ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቍጥር እየተቈራረሰ ሄደ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በ4,200 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ላይ 1,501,112 ሰው ተቈጥሯል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ከ350 ሰው በላይ መሆኑ ነው። ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት የሚኖረው ቤተሰብ ብዙ ነው። የግጦሽ መሬቱ ታረሰ፤ ላም የሌለው ቤተሰብ ተበራከተ፤ ዳርኳው ጠበበ። በዚህ ላይ እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ተጨመረ። በኢትዮጵያ ይህ በሽታ በሳይንስ ተለይቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ገበሬው በበሽታ የወደቀውን እንሰት በተክል ከመተካት ይልቅ በቦታው በቆሎ መዝራትን መረጠ፤ ሰባት ዓመት የሚጠብቅ ሆድ የለምና።

የጎደለውን የሞላው ስኳር ድንች ነው። በመስከረምና በጥቅምት የሚተከለው ስኳር ድንች ከየካቲት ገደማ ጀምሮ እስከ ግንቦት ቤተሰቡን ያበላል፤ የበልጉ በቆሎ እሸት እስኪደርስ ያለውን ክፉ ወራት የሚያሻግረው እርሱ ነው። በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ምግብ ስለሚሰጥ የድኻ ሰብል መሆኑ ተገቢ ነው። ሁለት ድክመቶች ግን አሉት። ከማሳ ከወጣ በኋላ እንደ እህል በጎተራ አይቀመጥም፤ ደግሞም የሚተከለው በሐረጉ ስለሆነ ሐረጉ በበጋው ፀሐይ ከደረቀ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተከል አይገኝም። እንግዲህ ያለፈው የመኸር ማብቂያ ዝናብ ካጠረ ረሃቡ የሚገባው በመጋቢት ነው። በዚያ ወር ደግሞ ሰማዩ ይዘንባል፤ በቆሎው ከጕልበት በታች ሆኖ ይለመልማል፤ እንሰቱም ገና ያልደረሰ ቢሆንም ቅጠሉ ሰፊ ነው። በድስት የሚገባ ግን የለም። የአረንጓዴው ረሃብ ምሥጢር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ወላይታን በሰፊው መለካት የተጀመረው ግን ስለ አደጋ ሳይሆን ስለ ምርት ነበር። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመውና «ዋዱ» በሚለው ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ለገበሬው ማዳበሪያና የተሻሻለ የበቆሎ ዘር በብድር አቀረበ፤ መንገድ ጠረገ፤ የአፈር ጥበቃ ሥራ ጀመረ፤ ከደጋው መሬት ያነሳቸውን ቤተሰቦችም በብላቴ በኩል ወዳለው ወደ አበላ ቈላ ወስዶ አሰፈረ። ሥራው ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ቈላው ግን የወባና የገንዲ አገር ስለሆነ ሰፋሪው የመሬት ጥበትን በበሽታ ለውጦ ተቀበለ። ደጋው ላይ ደግሞ በቆሎው በማዳበሪያ፣ ማዳበሪያው በብድር ላይ ቆመ። ድርጅቱ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራውን ሲያበቃ ብድሩም ተቋረጠ፤ ወዲያው የ1976ቱ ድርቅ ደረሰ። የእርሻውን ለውጥና የዋዱን ሥራ አብረው የመረመሩት ደሳለኝ ራህማቶ በቦሎሶ ገበሬዎች ኑሮ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከእንሰት ወደ ዓመታዊ ሰብል መሸሽ ተጋላጭነትን እንደሚያብስ አሳይተዋል።

በዚያን ጊዜ አደጋን አስቀድሞ የማወቅ ኀላፊነት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። ኮሚሽኑ በ1966 ዓ.ም. ከወሎው ረሃብ ማግስት የተቋቋመ በመሆኑ ዐይኑ በወሎና በትግራይ ላይ የተከፈተ ነበር። የሰብል ግምገማው መሠረት ያደረገው ዝናብን፣ የተዘራ መሬትንና የእህል ምርትን ነው። ይህ ለጤፍና ለማሽላ አገር ይበቃል። እንሰት ግን በአንድ ወር አይታጨድም፣ በአንድ ዓመትም አይደርስም፤ ስኳር ድንቹም ለዕለቱ ምሳ የሚበቃው ብቻ እየተቈፈረ ይወጣል። በኩንታል የሚለካ ሰው ወደ ወላይታ ጓሮ ቢገባ የሚጽፈው ቍጥር አያገኝም፤ ቍጥር ያልተጻፈለት ነገር ደግሞ በሪፖርት ላይ እንደሌለ ይቈጠራል።

በ1986 ዓ.ም. ታሪኩ ተደገመ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ዐይን በኦጋዴን፣ በተለይም በጎዴ ላይ በተተከለበት ወቅት በዳሞት ወይዴ ወረዳ ሕፃናት በጽኑ የምግብ እጥረት ወደ ሕክምና ማዕከል ይገቡ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ረሃቡን ያረጋገጠው የዝናብ መለኪያ አልነበረም፤ በሕፃን ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ቀጭን የክንድ መለኪያ ነው። መለኪያው አይዋሽም። የሚናገረው ግን ድልድዩ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

እውነተኛ ለውጥ የመጣው ጥያቄው ከማሳ ወደ ቤት ሲዛወር ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በደቡብ ክልል በተካሄደው የኑሮ ዘዴ ጥናት ድኻውና ሀብታሙ ቤተሰብ ተለይተው፣ እያንዳንዱ ዓመታዊ ቀለቡን ከምን ያህሉ ከራሱ ማሳ፣ ከምን ያህሉ ከገበያ፣ ከምን ያህሉ ከቀን ሥራ እንደሚያገኝ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ «በቆሎው በግማሽ ቢቀንስ ማን፣ በየትኛው ወር ይራባል?» ብሎ ማስላት ተቻለ፤ ይህም ጭነትን ከመሸከም ዐቅም ጋር ማስተያየት ነው። ወላይታም የወረዳ ወሰን ሳይገድብ በኑሮ ቀጠናዎች ተከፈለ፤ የገብስና የስንዴ፣ የበቆሎና የሥራ ሥር፣ የዝንጅብልና የቡና ቀጠና ተባለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ክፍያውን በዓመቱ የመጀመሪያ የፈረንጅ ወራት፣ ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ማድረጉ ከስኳር ድንቹ ክፍተት ጋር ይገጥማል። ክፍያው ከዘገየ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በግብርና ሚኒስቴር ሥር የየወረዳው የአደጋ ስጋት መግለጫ መዘጋጀት ጀመረ፤ ቤተሰቦችና የቀበሌ ሽማግሌዎች እየተጠየቁ ድርቁ፣ ጎርፉ፣ የሰብል በሽታው፣ ወባው በአንድ ሰነድ ተሰባሰበ።

በአንድ ሰነድ መሰብሰባቸው ተገቢ ነው፤ የመሬት መንሸራተት እንኳ ከዚሁ ከመሬት ጥበት አይለይምና። ግንቦት 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በወላይታ የወረደው ከባድ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍና የመሬት መንሸራተት አርባ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች ሲቀበሩ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ በራሱ በወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬ ተመሳሳይ አደጋ ደረሰ። የአሠራሩን ምክንያት የሙያ ባልደረቦች ያውቁታል፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ጥልቅ ሸክላ አፈር ውሃ ሲጠግብ ክብደቱ ይጨምራል፣ እርስ በርስ የሚይዝበት ኀይል ይቀንሳል፣ ሥር የሰደደ ዛፍ ከሌለበት ተዳፋቱ ይለቃል። ሰው በዚያ ተዳፋት ላይ ጎጆ የሚቀልሰው አደጋውን ባለማወቁ አይደለም። ሜዳው ስላለቀበት ነው።

ተዳፋት ቢጠበቅ እንደሚድን ደግሞ ሁምቦ ምስክር ነው። በሁምቦ ወረዳ ተራቍቶ በነበረ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ላይ፣ ከመሬት በታች የቀረው ጉቶ እንደገና እንዲያቈጠቍጥ በመከለል ደኑ ተመለሰ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርቦን ሥርዐት ተመዝግቦ የአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ማግኘት ችለዋል። በሶዶ በኩልም በዳሞት ላይ 503 ሄክታር በተመሳሳይ መንገድ ተከልሏል። የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር ከዚህ ያነሰ ትኩረት አግኝቷል። ስምጥ ሸለቆው አይተኛም፤ በጥቅምት 1980 ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ምድር ደጋግሞ ተናውጧል። በእንጨትና በሣር የተሠራ ጎጆ በመናወጥ ብዙ አይገድልም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት ዋነኛዋ የሆነችው ሶዶ ግን በኮንክሪት ወደ ላይ እያደገች ስለሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብና ተተኪው በየግንባታው ቦታ መከበራቸውን መርማሪ ሊያውቀው ይገባል።

ወደ ኑሮ ቀጠናው ካርታ ሲመለሱ አንድ ነገር ይታያል። የዝንጅብልና የቡና ቀጠና የተባለው በቦሎሶ በኩል ያለው አገር ከሁሉ የተሻለ የገንዘብ ገቢ ያለው ሆኖ ነበር የተመዘገበው፤ ገበሬው ዝንጅብሉን ሸጦ በቆሎ ይገዛ ነበርና። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ዝንጅብሉን ከማሳ ጠረገው። በጥናቱ ሰንጠረዥ ላይ ብርቱ ሆኖ የተጻፈው ቤተሰብ በአንድና በሁለት ወቅት ውስጥ ከገበያ የሚገዛበትን አጣ፤ ብዙዎች ወጣቶችም ወደ ከተማ ተሰደዱ። በዚያ ቀጠና ስንት የደረሰ እንሰት እንደ ቆመ፣ ስንት ቤት ላም እንዳለ፣ የስኳር ድንቹ ሐረግ በየትኛው ወንዝ ዳር ከበጋው እንደሚተርፍ ለማወቅ፣ መጠይቁን ይዞ እንደገና ከቤት ወደ ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የሚመረጠው ወር መጋቢት ነው።